አንስ ማዦር በእግር፦ ከዳንዚል እስከ አሸዋው

አንስ ማዦር በሲሸልስ ትልቋ ደሴት በማሄ ሰሜን ምዕራብ ጠርዝ፣ በሞርን ሴሼሉዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለች ትንሽ የባሕር ዳርቻ ናት። መኪና አይደርስባትም። የእግር መንገዱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሳይቸኩል የሚራመድ ሰው በአንድ ሰዓት ይደርሳል። አጭር ነው ብላችሁ ግን አትናቁት። ችግር የሚያመጣው ርቀቱ ሳይሆን እርጥብ አለት፣ የቀትር ፀሐይና ጠባቂ የሌለው ባሕር ነው።

ከኢትዮጵያ ለምትነሱ ቪዛ አያስፈልግም፤ ከበረራ በፊት ግን በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መውሰድ ግዴታ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ትጠየቃላችሁ። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ 10 ቀን ካለፈ በኋላ ስለሆነ ክትባቱን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

ከዋና ከተማዋ ከቪክቶሪያ ወደ ቤል ኦምብር የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ከአስፋልቱ መጨረሻ አካባቢ ወርዳችሁ የእግር መንገዱ ወደሚጀምርበት ወደ ዳንዚል ሽቅብ ትወጣላችሁ። ውሃና ምግብ የሚገዛው ቤል ኦምብር ሳላችሁ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሱቅ የለም። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ዳቦ፣ ሙዝና ጨው ያለው ለውዝ ይበቃል። ቸኮሌት ይቀልጣል፣ ሥጋ ያለበት ሳንድዊች ደግሞ በሙቀቱ ቶሎ ይበላሻል። የሲሸልስን ገንዘብ ሩፒንም ጥቂት በጥሬው ያዙ።

ሸበጥ አድርጋችሁ አትሂዱ፣ ሶሉ ያላለቀ ስኒከር አድርጉ። ሸበጡን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፤ አሸዋው ላይ ስትደርሱ ትፈልጉታላችሁ። ስልክና ፓስፖርት በላስቲክ ይጠቅለሉ፣ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ይመጣልና።

በደሴቷ ሰዓት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መንገድ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። የማሄ ሰዓት ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ስልካችሁ ራሱን ማስተካከሉን አረጋግጡ። መጀመሪያ ላይ ዛፍ ያጠላችኋል። እየቆየ ዛፉ ይሳሳና መንገዱ በገላጣ የግራናይት አለት ላይ ይወጣል፤ ከታች ባሕሩ፣ ከፊት ለፊት ሲሉዌት ደሴት ይታያል። እጅግ የሚያምረው ይህ ክፍል ነው፣ በጣም የሚያቃጥለውም እሱ ነው። አለቱ የጠጣውን ሙቀት መልሶ ስለሚተፋ ከላይም ከታችም ትጠበሳላችሁ። ኮፍያና ሰንስክሪን ያለ ክርክር ያስፈልጋሉ።

አለቱን አቀርቅራችሁ እዩት። ደረቁ ክፍል ግራጫ ነው፣ በእጅ ሲነካ ሻካራ፤ ጫማ ይይዛል። ውሃ የሚወርድበት ግን ከላይ ወደ ታች እንደተሳለ ጥቁር መስመር አለው። ያ ጥቁር ነገር በድንጋዩ ላይ የበቀለ ስስ ሽፋን ነው፤ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ ግራጫውን እየመረጣችሁ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፋችሁ፣ አጭር እርምጃ ተራመዱ። ቁልቁለት ላይ የወደቀ ቅጠልም አትርገጡ። ዝናቡ ከባድ ከሆነ ቁሙና እስኪያባራ ጠብቁ። አለቱ በፀሐይ ቶሎ ይደርቃል።

እባብ ለሚፈሩ፦ በሲሸልስ ለሰው አደገኛ የሆነ የምድር እባብ የለም። በዛፎች መካከል ድር ዘርግቶ የሚንጠለጠለው ትልቅ ሸረሪትም ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም። እጃችሁን ግን ከድንጋይ ወይም ከወደቀ ግንድ ሥር አትስደዱ፤ መቶ እግር ከነከሰ ሕመሙ ብርቱ ነው።

ባሕሩ እንደ ወቅቱ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ተራራው ይህን ወገን ይከልለዋል፤ ውሃው ብዙ ጊዜ ይረጋል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነፋሱ ተገልብጦ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፣ ዝናቡም ማዕበሉም ይበረታል። መቼም ብትሄዱ ልብስ ከማውለቃችሁ በፊት 10 ደቂቃ ተቀምጣችሁ ባሕሩን ተመልከቱ። ማዕበል በቡድን ይመጣል፤ ሦስት አራት ትንንሽ አይታችሁ ከገባችሁ ትልቁ ውሃ ውስጥ ያገኛችኋል። በሚሰበሩ ማዕበሎች መካከል ረጋ ብሎ፣ ጠቆር ብሎ፣ አሸዋ ይዞ ወደ ውጭ የሚሄድ ውሃ ካያችሁ እዚያ አትግቡ፤ የሚጎትተው እሱ ነው። ከያዛችሁ አትታገሉት። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙና ከሱ ስትወጡ ወደ አሸዋው ተመለሱ። መዋኘት የማይችል ሰው ከጉልበቱ በላይ አይግባ። በመዋኛ ገንዳ መዋኘት መቻል ለባሕር ማዕበል ዋስትና አይሆንም።

ከኮኮናት ዛፍ ሥር አትተኙ፣ ፍሬው ከወደቀ ራስ ይፈነክታል። ሰፊ ቅጠል ያለው ታካማካ የተሻለ ጥላ ነው። ዛጎልና ኮራል ባሉበት ይቅሩ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አንዳንዶች በጀልባ ለመመለስ ይስማማሉ። ጥሩ ነው፤ ሆኖም ባሕሩ ከተቆጣ ጀልባው ወደ አሸዋው መጠጋት አይችልም። ስለዚህ ለእግር መመለሻ የሚሆን ግማሽ ሊትር ውሃ ሁልጊዜ አስቀሩ። በእግር ስትመለሱ ዳገቱ ከአሸዋው ወዲያው ይጀምራል፣ የከሰዓት ፀሐይም ከምዕራብ በቀጥታ አለቱን ይመታል። ከ10 ሰዓት ሳታልፉ ተነሱ። ምድር ወገብ አጠገብ ምሽት አይንዛዛም፤ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ይጨልማል፣ ዛፉ ሥር ደግሞ ከዚያ ቀድሞ። የስልካችሁን ባትሪ ፎቶ ላይ አትጨርሱት፣ ዛፍ ያለበት የመንገዱ ክፍል መብራት ይፈልጋል።