ቨርቹዋል ማሽን አልነሳ ሲል ችግሩን እንዴት እናገኛለን?

ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጭናችኋል። ስታርትን ትጫናላችሁ፣ እሱ ግን እምቢ ይላል። ብዙ ሰው ወዲያው ማሽኑን ሰርዞ እንደ አዲስ ይጭናል፤ ውስጡ የነበረው ፋይልም አብሮ ይሄዳል። አትቸኩሉ። መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመ እዩ። ጭራሽ አልተነሳም? ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ አውጥቶ ቀረ? ወይስ ኡቡንቱ መነሳት ጀምሮ መሃል ላይ ቆመ? የቆመበት ቦታ ችግሩ የት እንዳለ ይጠቁማል።

ምንም ከመነካካታችሁ በፊት ማሽኑን ዝጉና የማሽኑን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጉ። ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ወቅት የነበረበት ሁኔታ ቅጂ) ካለ የእሱ ፋይሎችም የዲስኩ አካል ናቸው። ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ እንዳትሰርዟቸው።

1. ጭራሽ ካልተነሳ

ጥፋቱ ከዊንዶውስ ወይም ከባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የላፕቶፑ ሴቲንግ) በኩል ሊሆን ይችላል። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ንኩ። ቨርቹዋላይዜሽን ከሚለው ጎን "ዲስኤብልድ" ካለ ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጋችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ። መግቢያው እንደ ላፕቶፑ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት ነው። ኢንቴል ከሆነ ቪቲኤክስ ወይም ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ የሚለውን አብሩ። ኤኤምዲ ያላቸው እዚህ ጋ ይደናገራሉ፤ ብዙውን ጊዜ ስሙ "ኤስቪኤም ሞድ" ነውና።

ተነስቶ በጣም ከተንቀረፈፈ ደግሞ ከመስኮቱ ግርጌ አረንጓዴ ኤሊ ፈልጉ። ቀልድ አይደለም፣ እውነትም ኤሊ ናት። ከታየች ሃይፐር ቪ (የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሲስተም) ቀድሞ ቦታውን ይዟል ማለት ነው። ከዊንዶውስ ፊቸርስ ልታጠፉት ትችላላችሁ። ዶከር ወይም ደብልዩኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ ማስኬጃ) የምትጠቀሙ ከሆነ ግን እነሱ ሥራ ሊያቆሙ ስለሚችሉ ኤሊዋን ብትታገሷት ይሻላል።

2. "ኖ ቡታብል ሚዲየም" ካለ

ማሽኑ የሚነሳበት ነገር አጣ ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ ላይ ግቡ። አዲስ ማሽን ከሆነ የአይኤስኦ ፋይሉን (የኡቡንቱ መጫኛውን) አላስገባችሁም። ትናንት ሲሠራ የነበረ ከሆነ ቪዲአይ ፋይሉ (የማሽኑ ዲስክ) እዚያ መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ መልሳችሁ አያይዙት። ዲስኩ ካለ ሲስተም ውስጥ "ኢኔብል ኢኤፍአይ" የሚለውን (ማሽኑ የሚነሳበትን ዘዴ መምረጫ) እዩ። ኡቡንቱን ስትጭኑ እንደነበረው መሆን አለበት።

ከተጫነ በኋላ ኢንስቶለሩ ደጋግሞ ከመጣባችሁ አይኤስኦውን አውጡት።

3. መሃል ላይ ካቆመ

መብራት ድንገት ሲሄድ የሚመጣው ይሄኛው ነው። ዴስክቶፕ ላይ ዩፒኤስ ሳይኖራችሁ የምትሠሩ ሳታውቁት አትቀሩም። ስክሪኑ ላይ በቅንፍ ውስጥ "ኢኒትራምኤፍኤስ" የሚል ይወጣል፣ ጎኑ ጽሑፍ መጻፊያው ብልጭ ድርግም ይላል። ያስደነግጣል እንጂ ብዙውን ጊዜ ዳታችሁ አልጠፋም። ከፍ ብላችሁ አንብቡ፤ የተበላሸውን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ስሙን ጠርቶ ይነግራችኋል፣ ለምሳሌ "ዴቭ ኤስዲኤ2"። ኤፍኤስሲኬ የሚለውን ትእዛዝ በአራቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፉ፣ ቀጥሎ ሰረዝና ዋይ፣ ከዚያ የፓርቲሽኑን ስም ልክ እንደተጻፈው፤ ለምሳሌ fsck -y /dev/sda2። ኢንተር በሉ። ሲጨርስ በእንግሊዝኛ "reboot" ብላችሁ ጻፉ።

ይህ ካልታየ የዊንዶውሱን ሲ ድራይቭ እዩ። የማሽኑ ዲስክ ዳይናሚክ ከሆነ በተጠቀማችሁበት ቁጥር እየወፈረ ይሄዳል። ቦታ ሲያልቅ ማሽኑ ባለበት ይቆማል። ራምም አትርሱ፤ ለኡቡንቱ 24.04 ዴስክቶፕ 4 ጊጋባይት ስጡት። ላፕቶፓችሁ ያለው 8 ብቻ ከሆነ ከዚያ በላይ አትስጡ፣ ዊንዶውሱም መተንፈስ አለበት። ሎጎው ታይቶ ስክሪኑ ከጠቆረ ዲስፕሌይ ውስጥ ቪዲዮ ሜሞሪውን 128 ሜጋባይት አድርጉ፣ 3ዲ አክስለሬሽኑን አጥፉ።

ማሽኑ "ሴቭድ" (ባለበት ሁኔታ ተቀምጦ የተዘጋ) ላይ ተቀርቅሮ ከቀረ ዲስካርድ አድርጉት። ይህ የኮምፒውተርን ገመድ እንደመንቀል ነው፤ ሴቭ ያላደረጋችሁት ሥራ ይጠፋል፣ ዲስኩ ላይ ያለው ይቀራል።

4. ይህ ሁሉ ካልሠራ

ማሽኑን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ "ሾው ሎግ" በሉ፤ ሎግ ማሽኑ ያደረገውን የሚመዘግብበት ጽሑፍ ነው። ወደ መጨረሻው አካባቢ "ቪኢአርአር" ብሎ የሚጀምር ኤረር ፈልጉ። የሚያውቅ ሰው ስትጠይቁ "አልሠራ አለኝ" ብቻ ከምትሉ ያንን መስመር ላኩለት። ሙሉ ሎጉን የምትልኩ ከሆነ ግን የዊንዶውስ ዩዘር ስማችሁ ውስጡ ስላለ መጀመሪያ አጥፉት።