ከአሮጌ የቀርከሃ ዘንግ ቁርጥራጭ ዓሣ ማጥመጃ እንዴት ይሠራል?

ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ዕቃ መሃል ባለ ስድስት ጎንና የነሐስ ጫፍ ያለው ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ ካጋጠመዎ የተቆረጠውን ጫፍ አርጥበው ይመልከቱ። ስድስት ባለ ሦስት ማዕዘን ስንጥሮች መሃል ላይ ተገናኝተው ከታዩ፣ ተሰንጥቆ ከተጣበቀ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የቀረ ክፍል ነው። እንደ ደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ከሆነ ይህ መመሪያ አይመለከተውም።

ሙሉ ዘንግ ከነክፍሎቹ እምብዛም ስለማይገኝ የአንዱን ግርጌ ከሌላው ጫፍ ጋር ማዳበል የግድ ነው። ርዝመቱን የሚወስነው ጤነኛ ሆኖ የተረፈው ቀርከሃ ነው። ለዝዋይና ለሐዋሳ ቆሮሶ 2 ሜትር ያህል ይበቃል፤ ለትልቅ አምባዛ ግን አይታሰብም።

ምርጫ

ክፍሉን በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ያጉብጡና ያዳምጡ። ቀጭ ቀጭ ካለ ሙጫው ለቋል። ጥፍርዎን በስድስቱም የማጣበቂያ መስመሮች ላይ ያስኪዱ፤ የጠቆረ መስመር ውሃ የገባበት ነው። ከሁሉ በላይ የሚጠረጠረው ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው ብረት (መጋጠሚያው) የሚያልቅበት አካባቢ ነው። ብረት አብሮ ስለማይጎብጥ ጭነቱ እዚያ ይከማቻል፣ እርጥበትም እዚያው ይቆያል። ከላላ ወይም ከጠቆረ ሳይሳሱ ይቁረጡት። ቀጭኑ ጫፍ ግን በተቆረጠ ቁጥር ዘንጉ ግትር እየሆነ ስለሚሄድ፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ መቆረጥ ያለበትን ጫፍ ባይገዙት ይሻላል።

ከዚያ በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ከጠፍጣፋ ጎን ወደ ተቃራኒው ጎን ሦስቱንም ጥንድ ይለኩ። የላይኛው ክፍል ወፍራም ጫፍ ከታችኛው ቀጭን ጫፍ ጋር እኩል፣ ወይም እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ይሁን። የላይኛው ከወፈረ ዘንጉ ከመጋጠሚያው በታች ብቻ ይታጠፋል።

ማጽዳት፣ ማቃናት፣ ማጣበቅ

አሮጌውን መጋጠሚያ የያዘች ትንሽ ሚስማር ካለች ያውጧት። ብረቱን ብቻ በአልኮል እሳት ላይ እያዞሩ ለጥቂት ሴኮንድ አሙቀው ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ መጠምዘዝ ስንጥሮቹን ያላቅቃል። ቫርኒሹን በቢላ ጀርባ ይፋቁት። የብርጭቆ ወረቀት ቀርከሃውን ራሱን መብላት ከጀመረ ጉዳት ነው፤ ጥንካሬው ያለው በውጭው ገጽ ነው።

የጎበጠውን ከከሰል ፍም አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው እያዞሩ ያሙቁ። በእጅ ለመያዝ ሲያቃጥል ወደ ተቃራኒው ትንሽ አጉብጠው እስኪበርድ ይያዙት። ከእንስሳት ቆዳ የተሠራ የድሮ ሙጫ በሙቀት ስለሚላላ አስቀድመው በክር ይጠምጥሙት።

ለተከፈተ መስመር የአናጢ ነጭ ኮላ አይሆንም፤ በጭነት ቀስ በቀስ ይሸሻል። በ24 ሰዓት የሚደርቅ ኢፖክሲ ይጠቀሙ፤ የ5 ደቂቃው ጠምጥመው ሳይጨርሱ ይጠነክራል። በምላጭ አስገብተው ክሩን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይጠምጥሙ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ዘንጉ ይጣመማል። ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ታስሮ ይደር።

መጋጠሚያው

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። አሮጌው ካልገጠመ መርካቶ ቶርኖ ቤት ሁለት የነሐስ ቱቦ ያሠሩ፦ ታችኛው ክፍል ላይ የሚቀመጥ ሴቴና ላይኛው ላይ ሆኖ ወደ ሴቴው የሚገባ ወንዴ። የታችኛው ክፍል 7.5፣ የላይኛው 7 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሴቴው ውስጥ 8፣ የወንዴው ውጭ 8 ሆኖ ውስጡ 7.1 ይሁን። ሁለቱም 7 ሳንቲ ሜትር ይርዘሙ። ከሴቴው 3 ሳንቲ ሜትሩ ታችኛው ቀርከሃ ላይ ይቀመጥ፣ 4ቱ ለወንዴው ይተው። በወንዴው ውስጥ ቀርከሃው እስከ ጫፍ ይዝለቅ፤ ባዶ ከቀረ ቱቦው ይታጠፋል።

ቀርከሃውን ሲያስገቡ ስድስቱን ማዕዘኖች ብቻ በሞረድ ያዙሩ። ጠፍጣፋውን ጎን ከነኩ ዘንጉ የሚሰበረው እዚያው ነው። ቀርከሃ የሚገባበትን የቱቦ አፍ በ5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ስድስት ቦታ ሰንጥቀው በሞረድ ያሳሱት፣ በክር ይሸፍኑት፤ ጭነቱ በአንድ መስመር ላይ እንዳይወድቅ ይረዳል። ወንዴው ሲሳብ “ፖ” ብሎ ከወጣ ልኩ ነው። ከጠበቀ በብረት መወልወያ ብቻ ይወልውሉት።

ቀለበትና ቫርኒሽ

የማጥመጃው ክር የሚያልፍባቸው ከጫፉ ቀለበት በተጨማሪ አምስት ቀለበቶች ያስፈልጋሉ፦ ከጫፍ 12፣ 27፣ 46፣ 70 እና 112 ሳንቲ ሜትር ላይ፤ መጋጠሚያው ላይ የሚያርፍ ካለ ትንሽ ያሸሹት። እግራቸው ዘንጉ ላይ በክር ስለሚጠመጠም፣ በሞረድ ካላሳሱት ክሩ አይወጣበትም። እንደገና የተጣበቀውን ክፍል በየ6 ሳንቲ ሜትሩ በክር ያጠናክሩት።

ዘይት ያለውን ቫርኒሽ በስሱ ሦስት ጊዜ፣ በየ24 ሰዓቱ ይቀቡ፤ የመጋጠሚያው መንሸራተቻ ግን አይነካ። በክረምት ቀርከሃው እርጥበት ይይዛል፣ ቫርኒሹም ይዘገያል፤ ከጥቅምት በኋላ ቢሠሩት ይመረጣል።

ሲደርቅ ጫፉ ላይ 100 ግራም ያንጠልጥሉ። ጉብጠቱ ሳይሰበር ወደ እጀታው መውረድ አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ ከተሰበሰበ መጋጠሚያውን ወይም የተጣበቀውን መስመር እንደገና ይፈትሹ። ባለ 0.25 ሚሊ ሜትር ናይለን ክር ይበቃዋል። መንጠቆው ሥር ከያዘ ዘንጉን ወደ ክሩ አቅጣጫ አቅንተው ክሩን በጨርቅ ይዘው ይጎትቱ።