የፋብሪካ ቦዊ ቢላን ለእጅ ማስማማትና መሳል

ለፋሲካ ወደ ቴክሳስ ገጠር ወጥቶ በጉን ከገበሬ ገዝቶ የሚያርድ ሐበሻ ብዙ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቦዊ ቢላ ይገዛሉ። ግርማው ይስባል። ዘጠኝ ኢንች ብረት፣ በእጀታውና በስለቱ መሀል ጣትን የሚከልል የነሐስ መከታ፣ ወደ ጫፉ ሲደርስ ጎድጎድ ብሎ የተቆረጠ ጀርባ። ሥጋ ላይ ሲያሳርፉት ግን ይገፋል እንጂ አይቆርጥም። ያኔ ጋራዤ ድረስ ይዘውት መጥተው «ደንዟል፣ ሳልልኝ» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ መደንዘዙ ትንሹ ችግር ነው። ዋናው ችግር ከስለቱ ወዲያ ያለው ብረት መወፈሩ ነው፤ ያንን ሳያሳሱ ቢስሉት ለአንድ ቀን ይቆርጥና ይመለሳል።

መጀመሪያ ብረቱ ምን እንደሆነ እወቁ። 1095 የሚል ከተጻፈበት ከመቶ አንድ ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ነው፤ በቀላሉ ይሳላል፣ በቀላሉም ይዝጋል። 420ኤችሲ ከሆነ ዝገትን ይችላል። ምንም ያልተጻፈበትን ርካሽ ቢላ ብዙ አትድከሙበት። መልኩን እንጂ ስለቱን አይዝላችሁም።

ሥራውን ከእጀታው ጀምሩ፤ ምላጭ የሆነ ቢላ ይዞ እጀታ መሞረድ ጣት ያስከፍላል። ብረቱን ከጫፍ እስከ መከታ በካርቶን ሸፍናችሁ በፕላስተር ጠቅልሉትና ሞርሳ ላይ፣ በሁለት እንጨት መሀል እሰሩት። የፋብሪካ የእንጨት እጀታ ብዙ ጊዜ በወፍራም ቫርኒሽ የተለበጠ ነው፤ ደም ወይም ስብ ሲነካው ያሟልጫል። ቫርኒሹን በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አንሱ። ከዚያ እጀታውን ደጋግማችሁ ጨብጡት፤ የሚቆረቁራችሁን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉና እዚያችው ላይ ብቻ ቀንሱ። ቅርጹ ክብ እንዳይሆን፤ ሞላላ ከሆነ ስለቱ ወዴት እንደዞረ ሳታዩ በእጃችሁ ታውቃላችሁ። በ220፣ ቀጥሎ በ400 ጨርሱት። ብናኙ ሳንባ አይምርምና አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። በመጨረሻ ለእንጨት የሚሸጠውን የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ ድገሙት። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ያነሳል። ውኃ ውስጥ ንከሩት ወይም ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።

የመከታው ማዕዘኖች አመልካች ጣትን ይልጣሉ፤ በትንሽ ሞረድ አለዝቧቸው። አውራ ጣት የሚያርፍበትን የጀርባ ጠርዝም እንዲሁ። ወደ ጫፉ ያለውን የላይኛውን ጎድጓዳ ጠርዝ ግን አትሳሉት። «ሁለቱንም ጎን አውጣልኝ» የሚል ጎረምሳ አይጠፋም፤ እኔ አላደርገውም። ሥጋ ሲቆርጡ ጀርባውን በመዳፍ መጫን አለ፣ ደግሞም በሁለት ጎን የተሳለ ቢላን በተለየ ሕግ የሚያዩ ግዛቶች አሉ።

አሁን ወደ ማሳሳቱ። ቢላው ሲወለድም ለወጥ ቤት አልነበረም። ቢላው የተሰየመለት ጀምስ ቦዊ ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1827 ሚሲሲፒ ወንዝ አሸዋ ላይ በተደረገ ጠብ ነው፤ እሱ በ1836 አላሞ በሚባለው የቴክሳስ ምሽግ ሲሞት ቢላው አገር ያወቀው ሆኖ ነበር፣ የእንግሊዝ ሼፊልድ ፋብሪካዎችም በስሙ እየሠሩ ወደ አሜሪካ ይልኩ ነበር። የዛሬዎቹም ፋብሪካዎች እንጨት ይፈልጡበታል፣ ቆርቆሮ ይበሱበታል ብለው ወፍራም ስለት ይተዉለታል። ለእኛ ጎድን ለመለየትና ብልት ለማውጣት ያ ውፍረት ትርፍ ነው።

ተራ ሞረድ የጠነከረ ብረት ላይ ይንሸራተታል፤ ሻካራ የአልማዝ መሳያ ያዙ። ማዕዘኑን በሳንቲም ለኩት። የቢላችሁ ወርድ ከስለት እስከ ጀርባ 38 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ስለቱን መሳያው ላይ አሳርፉና ከጀርባው ሥር አራት ኳርተር (የአሜሪካ 25 ሳንቲም) ደርድሩ፤ ያ ወደ 10 ዲግሪ ይሰጣችኋል። እጃችሁ ከፍታውን ከያዘ በኋላ ሳንቲሞቹን አንሱ። ስለቱን በማርከር አጥቁሩና ጥቂት ጊዜ ሳቡት፤ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ብረቱ የሚነካው የት እንደሆነ ያሳያችኋል። ከስለቱ ወዲያ ያለው ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ እስኪሆን ሁለቱንም ጎን እኩል አሳሱ። አሰልቺ ነው። አንድ ምሽት ሙሉ ሊወስድ ይችላል።

በማሽን ልጨርሰው የሚል ካለ፣ ቢላውን በባዶ እጁ ይያዝ፤ ጣቱን ሲያቃጥለው ውኃ ውስጥ ይንከር። 1095 ከተጠነከረ በኋላ የሚለዝበው በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ስስ የሆነው ስለት ደግሞ ቀድሞ ይግላል። ሰማያዊ ሆኖ ከታየ 300 ገደማ ደርሷል ማለት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ሄዷል፣ የቱንም ያህል ቢስሉት ቶሎ ይተኛል።

መሳሉ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። በዚያው ወርድ ሰባት ኳርተር 19 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ለሥጋና ለአጥንት ዙሪያ ሥራ ይህን እመርጣለሁ። በ400 ቁጥር ድንጋይ ጀምሩ፣ ውኃ አርከፍክፉበት። አንዱን ጎን ብቻ ስላችሁ በሌላው ጎን አውራ ጣታችሁን ከጀርባው ወደ ስለቱ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ፤ ከእጀታ እስከ ጫፍ የተቀለበሰ ቀጭን ሻካራ ጠርዝ ከዳሰሳችሁ ያ ጎን ደርሷል። በመሀል ከተቋረጠ አልደረሰም። ከዚያ ገልብጡት። ስለቱ ወደ ጫፉ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ እጀታውን ትንሽ ከፍ አድርጉ፤ ካላደረጋችሁ ጫፉ ሁልጊዜ ደንዞ ይቀራል። ወደ 1000 ስትሄዱ ክንዳችሁን አቅልሉ፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ ሳቡ፤ ያ የተቀለበሰው ጠርዝ እየሳሳ ይጠፋል። ለሥጋ ከ1000 በላይ አልሄድም። ጨርሶ የለሰለሰ ስለት ጅማት ላይ ይንሸራተታል፣ ትንሽ ጥርስ የቀረለት ይነክሳል። የመጨረሻው ሥራ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ፣ ጀርባውን አስቀድሞ፣ እየጎተቱ ማፋተግ ነው።

ወረቀት መቁረጥ ፈተና አይሆንም፤ ወፍራም ቢላም ወረቀት ይቆርጣል። ታናሽ የሚባለውን ሥጋ አምጡና ለቋንጣ ዘልዝሉት። ሥጋው ሳይሸሽ፣ እጃችሁ ሳይጫን ዝልዝሉ ከወረደ ቢላው ተስተካክሏል። ለመግፈፍ ግን ሌላ አጭር ቢላ ያዙ፤ ቦዊ ምንም ቢሳሳ ቆዳ ይበሳል።

1095 ከሆነ ስቡን በሳሙና አጥባችሁ ለብ ባለ አቼቶ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ንከሩት፤ ግራጫ ይሆናል፣ ዝገቱም ይዘገያል። እጀታው አቼቶው እንዳይነካው። ስታወጡት በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ለምግብ የሚሆን ሚኒራል ኦይል ቀቡ።

ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ አዋቂ ሰው ከ5.5 ኢንች የሚረዝም ቢላ መያዝ ይችላል፤ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና መጠጥ ቤት ግን ይዛችሁ አትግቡ። ቤት ስታስቀምጡትም ከቆዳ ሰገባው አውጥታችሁ ይሁን፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ያዝገዋል። ሰገባው ለመንገድ ነው።