አዳማ ላይ ለቤት ኤሲ የሚሆን ስማርት ቴርሞስታት እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይገጠማል?

ከየካቲት ማለቂያ ጀምሮ አዳማ ላይ ወሬው ሁሉ ሙቀት ነው። ኤሲ ያለው ቤት ክረምቱ እስኪገባ ያበራዋል። ከዚያ የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ድንጋጤ ነው። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ ብዙ የተጠቀመ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋም ከፍ ይላል። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ራሱ ደረጃ በደረጃ እየተስተካከለ ነው።

ስማርት ቴርሞስታት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የክፍሉን ሙቀት ይለካል፣ ኤሲው መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደሚያርፍ ይወስናል፣ ከስልክም ይታዘዛል። ግን ሁሉም ስማርት ቴርሞስታት ለእኛ ቤት አይሆንም። የሚሆነውም ቢሆን የተሳሳተ ቦታ ከተቀመጠ ገንዘባችሁን አያድንም።

መጀመሪያ ግድግዳችሁ ላይ ያለውን እዩ

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ቀድሞ የሚመጣላችሁ ግድግዳ ላይ የሚገጠም ክብ ወይም አራት ማዕዘን ስክሪን ነው። የጉግል ኔስትና ኢኮቢ የታወቁት ናቸው። ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፤ ዋና ገበያቸው ግን ሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ አንድ ማሽን ቤቱን በሙሉ ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል። ቴርሞስታቱ ከዚያ ማሽን ጋር የሚገናኘው በ24 ቮልት የመቆጣጠሪያ ሽቦ ነው። የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። በቀጥታ ከተገጠመበት ዕቃው ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «ይህን አምጣልኝ» ከማለታችሁ በፊት ቆም በሉ።

እኛ ጋ በብዛት ያለው ስፕሊት ኤሲ ነው። አንዱ አካል ውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሌላው ውጭ ይቀመጣል፣ ትእዛዙ በሪሞት ነው። ለዚህ የሚሆነው በኢንፍራሬድ የሚሠራ የኤሲ መቆጣጠሪያ ነው። ሪሞቱ የሚልከውን ዓይነት ለዓይን የማይታይ ብርሃን እሱም ይልካል። ሽቦ አይቆረጥም፣ ግድግዳ አይበሳም። ተከራይ ከሆናችሁ ቤት ስትለቁ ነቅላችሁ ትወስዱታላችሁ።

ሪሞት የሌለው፣ በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው የመስኮት ኤሲ ከሆነ ግን ይህ አይሠራለትም።

«ስማርት ሶኬት ገዝቼ ኤሲውን በሱ ላብራ ላጥፋ» የሚል ሐሳብ ካላችሁ ተዉት። ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) እየሠራ ኃይሉን መቁረጥና ወዲያው መመለስ ይጎዳዋል። ከቆመ በኋላ ውስጡ ያለው ግፊት እስኪመጣጠን ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በሪሞት ሲጠፋ ኤሲው ራሱን በሥርዓት ያቆማል። ከሶኬት ሲቆረጥ ግን ያ ዕድል የለውም።

ስትገዙ ምን ትጠይቃላችሁ?

የኤሲ ሪሞት ከቲቪ ሪሞት ይለያል። የቲቪው በአንድ ቁልፍ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይልካል። የኤሲው ግን የትኛውንም ቁልፍ ስትጫኑ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ ይልካል፤ ዲግሪውን፣ የማራገቢያውን ፍጥነት፣ ማቀዝቀዝ ይሁን ማድረቅ። ስለዚህ መቆጣጠሪያው የእናንተን ኤሲ ኮድ ማወቅ አለበት። የኤሲውን ብራንድና የሞዴል ቁጥር፣ የሪሞቱንም የፊትና የጀርባ ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ አፑ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ከፍቶ ያሳያችሁ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ከሪሞቱ ኮድ መማር የሚችል መሆኑን ጠይቁ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፦ የሙቀት መለኪያ አለው ወይ? ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የላቸውም። እነሱ በስልክ የሚሠሩ ሪሞቶች ናቸው እንጂ ቴርሞስታት አይደሉም። የክፍሉን ሙቀት ካላወቁ ኤሲውን መቼ እንደሚያሳርፉም አያውቁም። ሴንሲቦና ታዶ መለኪያውን አብረው የሚሸጡ የታወቁ ብራንዶች ናቸው። «ስማርት ላይፍ» በሚባለው አፕ የሚሠሩ ርካሽ ዕቃዎችም አሉ። ከነዚህ መካከል አንዳንዶቹ መለኪያ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም። ካርቶኑን ሳታዩ አትክፈሉ። በእኔ አስተያየት ለመለኪያው ትንሽ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል። ያለሱ ከመግዛት ያላችሁን ሪሞት መጠቀሙ ይሻላል።

ዋይፋዩንም አስቡበት። አብዛኞቹ የሚቀበሉት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው፣ 5 ጊጋኸርዙን አያዩትም። ኃይላቸው ግን ቀላል ነው፤ ተራ የስልክ ቻርጀር ይበቃቸዋል።

ቦታው

ቴርሞስታት የሚያውቀው ያለበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ክፍሉ በሙሉ እንደ ምድጃ የጋለ ይመስለዋል። ስለዚህ ኤሲው ሳያርፍ ይውላል። ኤሲው ሥር፣ ቀዝቃዛው አየር የሚወርድበት ቦታ ካስቀመጣችሁት ደግሞ በተቃራኒው ቶሎ ቀዘቀዘ ብሎ ያጠፋዋል፣ እናንተ በላብ ተጠምቃችሁ ትቀመጣላችሁ።

ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርጉት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበትን የምዕራብ ግድግዳ ተዉት፣ አዳማ ላይ ያ ግድግዳ ከመሸም በኋላ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ከቲቪ፣ ከፍሪጅና ከራውተር አርቁት። ቁም ሳጥን ወይም ብፌ አናት ላይ ማስቀመጥም ጥሩ አይደለም። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ሙቀቱ በኮርኒሱ በኩል ስለሚወርድ ላይኛው አየር ከተቀመጣችሁበት በጣም ይሞቃል።

አንድ ሌላ ግዴታ አለ። ኢንፍራሬድ ግድግዳና መጋረጃ አያልፍም። መቆጣጠሪያው ከኤሲው ፊት ለፊት መሆን አለበት። ሁለቱን ማስማማት ካቃታችሁ መለኪያው ለብቻው የሚቀመጥ ዓይነት ግዙ።

አገጣጠሙ

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ኤሲውን በራሱ ሪሞት አብሩትና በደንብ እንደሚሠራ አረጋግጡ። መቆጣጠሪያውን ቻርጀሩ ላይ ሰኩት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ለመገናኘት ዝግጁ ነው። ካልጀመረ ትንሿን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። አፑን አውርዳችሁ አካውንት ክፈቱ፣ ስልካችሁን 2.4 ጊጋኸርዙ ዋይፋይ ላይ አድርጉ፣ ከዚያ አፑ የሚላችሁን ተከተሉ። የኤሲውን ብራንድ ስትመርጡ አፑ ኮዶችን አንድ በአንድ ይሞክራል። ኤሲው «ጢጥ» ስላለ ብቻ አትቀበሉት። ዲግሪውን፣ ማራገቢያውንና ማጥፊያውን ሁሉንም ሞክሩ። አንዱ እምቢ ካለ ቀጣዩን ኮድ ምረጡ።

ሰዓቱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አፑ የሚያውቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት 14:00 ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት 22:00፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት 5:00። የሰዓት ቀጠናውም ዩቲሲ+3 መሆኑን እዩ። አዲስ አበባ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ናይሮቢን ምረጡ፣ ሰዓቱ አንድ ነው።

ከዚያ ዲግሪውን 25 ወይም 26 ላይ አድርጉት። 16 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፣ በተለይ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ የሚቀያይር) ያልሆነ ኤሲ። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ማሽኑ እንዳያርፍ ማድረግ ነው። ኤሲው በሚጠፋበትና በሚበራበት ሙቀት መካከል የአንድ ዲግሪ ልዩነት ተዉ፣ አለበለዚያ ኮምፕረሰሩ በየደቂቃው ይነሳል ይወድቃል። ማታ ነፋሱ ሲነሳ ኤሲው እንዲጠፋ ፕሮግራም አድርጉና መስኮት ክፈቱ። በአዳማ ትልቁ ቁጠባ ይሄ ይመስለኛል። ከቤት ስትወጡ ስልካችሁ ያለበትን ቦታ አይቶ ራሱ የሚያጠፋው አሠራር ግን ልጆችና እናት ቤት ለሚውሉበት ቤተሰብ አይሆንም። እናንተ ሥራ ስትገቡ እነሱን በሙቀት ያስቀራቸዋል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

መቆጣጠሪያው ትእዛዝ ይልካል እንጂ ኤሲው መቀበሉን አያይም። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንድ ኤሲ ራሱ ይነሳል፣ አንዳንዱ ጠፍቶ ይቀራል። አፑ ግን «በርቷል» እያለ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሱና የእናንተ ምን እንደሚያደርግ እወቁ። ለኤሲው መስመር የሦስት ደቂቃ መዘግየት ያለው የቮልቴጅ መከላከያ አስገጥሙ። ይህን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ዋናውን ሪሞትም ባትሪውን ጠብቃችሁ አስቀምጡ፤ ዋይፋይ በሌለበት ሰዓት የሚሠራው እሱ ነው።

የሻወር ቦይለር ላላችሁ

ቦይለሩ የራሱ ቴርሞስታት አለው። እሱን አትንኩት። የሚጨመረው ሰዓት ጠብቆ የሚያበራና የሚያጠፋ ስማርት ስዊች ነው። ዋቱን ለ220 አካፍሉ። 1500 ዋት ወደ 7 አምፔር ይሆናል፣ 2500 ዋት ከ11 አምፔር ይበልጣል። ስለዚህ 10 አምፔር የተጻፈበት ስዊች ለትልቁ ቦይለር አይበቃም። 16 ወይም 20 አምፔር ይሁን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ኮንታክተር (ከባዱን ኃይል በስዊቹ ፈንታ የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) ይጨመርበት። እዚህ ሽቦ ስለሚነካ ብሬከሩ ይጥፋ፣ መስመሩ በቴስተር ይፈተሽ፣ ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው።

50 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ1500 ዋት ቦይለር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የምትታጠቡ ከሆነ አፑ ላይ 4:30 ሙሉ፣ ማለትም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል። ቧንቧው ደርቆ ከሰነበተ ግን ታንከሩ መሙላቱን ሳታዩ ከሩቅ አታብሩ። ውሃ የሌለበት ማሞቂያ ይቃጠላል።

የአዳማ አቧራ የኤሲውን ማጣሪያ ቶሎ ይደፍነዋል። አየሩ ካልገባ ክፍሉ የተባለው ዲግሪ ላይ ስለማይደርስ ቴርሞስታቱ ኤሲውን አያሳርፈውም። በሙቀቱ ወራት በየሁለት ሳምንቱ አውጥታችሁ በውሃ እጠቡትና ጥላ ላይ አድርቃችሁ መልሱት።