ራስፕቤሪ ፓይን በፓወር ባንክ ስታሠሩ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ራስፕቤሪ ፓይ በአንድ ቦርድ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። "ፓወር ባንኩ ሙሉ ነው፣ ፓዩ ግን እየጠፋ ይነሳል" የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ኬብሉን ቀይሩ! ሰው ፓወር ባንክ ሲመርጥ ሲጨነቅ ይከርምና መሳቢያ ውስጥ ያገኘውን የድሮ ስልክ ገመድ ይሰካበታል። ስልክ ቮልቴጅ ቢያንሰው ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ ምንም አይልም። ፓይ እንደዚያ አይደለም። ሒሳቡን እዩት። 1 ሜትር የሆነ ባለ 28 ጌጅ ቀጭን ገመድ፣ የሁለቱ ሽቦ ሬዚስታንስ ሲደመር 0.43 ኦም ገደማ ነው። 1 አምፒር ሲያልፍበት 0.43 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከፓወር ባንኩ 5 ቮልት ወጥቶ ቦርዱ ጋ 4.57 ይደርሳል ማለት ነው። ፓይ ደግሞ ከ4.63 አካባቢ ሲወርድበት ያስጠነቅቃል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ የምትለው የመብረቅ ምልክት ይህችው ናት። እባካችሁ "ይሠራል እኮ" ብላችሁ አትለፏት። ካሜራ ወይም ፍላሽ ስትጨምሩ ቮልቴጁ የባሰ ይወርዳል፣ ፕሮሰሰሩ ይንቀራፈፋል፣ ከዚያም ድርግም። አጭርና ወፍራም ገመድ ግዙ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ሌላው የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ማመን ነው። 10,000 ሚሊ አምፒር አወር የሚለው በሴሉ 3.7 ቮልት የተሰላ ስለሆነ 37 ዋት አወር ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነው ተቀንሶ 32 ቢደርሳችሁ ጥሩ ነው። በአማካይ 4 ዋት ለሚበላ ፓይ 8 ሰዓት፣ 12 አይደለም።

ፓወር ባንኩ "65 ዋት" ስለተባለም ፓይ 5 ለሚባለው ሞዴል ይበቃል አትበሉ። ያ ዋት የሚገኘው ከፍ ባለ ቮልቴጅ ነው። በ5 ቮልት አብዛኞቹ 3 አምፒር ላይ ያቆማሉ፤ ፓይ 5 ደግሞ 5 አምፒር ካላገኘ ለዩኤስቢ የሚሰጠውን ከ1.6 ወደ 0.6 አምፒር ያወርደዋል። የሰካችሁት ኤስኤስዲ (ዳታ ማስቀመጫ ዲስክ) አልነሳ ካለ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ፓይ ዜሮ የሚባለው ትንሹ ሞዴል ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ አንዳንድ ፓወር ባንክ የተሰካ ነገር የለም ብሎ ራሱን ያጠፋል። ለትንንሽ ዕቃ የሚሆን ሞድ ያለውን ፈልጉ።

ፓወር ባንክን እንደ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ሳያቋርጥ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) መጠቀም ብዙ ሰው አስለቅሷል። ብዙዎቹ ቻርጀር ሲሰካ ወይም ሲነቀል ለቅጽበት ይቆርጣሉ፣ ለፓይ ደግሞ ያቺ ቅጽበት ትበቃዋለች። አንድ ጓደኛዬ የሙቀት መመዝገቢያውን እንዲህ አድርጎ ትቶት ነበር። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሪስታርት ሲያደርግ ከርሞ በመጨረሻ ሚሞሪ ካርዱ ተበላሸ፤ የተሰበሰበው ዳታም አብሮ ሄደ። ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ቻርጀሩን ደጋግማችሁ ስኩ፣ ንቀሉ። አንዴ እንኳ ከጠፋ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሻት ዳውን ሳታደርጉ ገመድ አትንቀሉ።

ሁለቱን በአንድ የታሸገ ሳጥን አፍናችሁ ፀሐይ ላይም አትተዉ። የፓዩ ሙቀት ለሊቲየም ባትሪው ይተርፋል፤ አየር ማስገቢያ ክፈቱለት፣ ባትሪውንም ከሥር አድርጉት፣ ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው።