ባሕር ዛፍን ብር፣ ሰማይን ከሰል ማድረግ

የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ፎቶ ያነሣኋት ባሕር ዛፍ ትናንት ማታ ኮምፒውተሬ ላይ እንደ ብር ጌጥ አበራች፤ ደመናማው ሰማይ ደግሞ ከሰል መሰለ። ዘዴው ቀላል ስለሆነ ላካፍላችሁ።

ፎቶግራፉን መጀመሪያ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ከዚያ በፎቶሾፕ ወይም በነጻ በሚገኘው ጊምፕ «ከርቭ» የሚባለውን መስኮት ክፈቱ። ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ የሚወጣ ቀጥ ያለ መስመር ታያላችሁ፤ ግራው የጨለማው፣ ቀኙ የብርሃኑ ክፍል ነው። የቀኙን ጫፍ እስከ ታች ጎትቱት፣ መካከሉን ወደ ላይ ግፉት። መስመሩ ጉብታ ሲሠራ ደማቁ ይጠቁራል፤ ግራጫ የነበረው ቅጠል ያበራል። ጉብታውን በጥቂቱ ወደ ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሳችሁ ተመልከቱ፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ካሜራችሁ የሚፈቅድ ከሆነ በ«ሮው»፣ ማለትም ካሜራው የመዘገበውን ብርሃን ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ አንሡ። የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ በእያንዳንዱ ቀለም ያለው የብርሃን ደረጃ 256 ብቻ ነው፤ ባለ 14 ቢት ሮው ግን 16,384 አለው። በጄፔግ ይህን ያህል ስትለጥጡት ሰማዩ እንደ ነጠላ ጥለት ይሸነተራል።

ሰው ላይ ባትሞክሩት ይሻላል። የእኅቴን ልጅ ግንባር ጥላሸት የተቀባ አስመስዬው እስካሁን አኩርፎኛል።