የካርታ ፋይል ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ዳተሙን ጠይቁ

የካርታ መረጃ ለምትለዋወጡና ጀማሪ ለምታሠለጥኑ ሁሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሰው የተቀበላችሁትን የቀበሌ ወሰን በሳተላይት ምስል ላይ ስትጭኑት መንገዱ ሰው ሳሎን ገብቶ፣ ወንዙም ኮረብታ ሲወጣ ካያችሁ፣ የለካውን ባለሙያ ለመውቀስ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዳተም ነው፤ ዳተም ማለት የቦታ መጋጠሚያ ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ ነው። የአገራችን የቆዩ የመልክዓ ምድር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው ዳተም ነው፤ ስልካችሁና የእጅ ጂፒኤሱ የሚሠሩት ግን ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው ዓለም አቀፍ ዳተም ነው። ሁለቱ ከተምታቱ አዲስ አበባ ላይ አንድ ነጥብ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ይህ ማለት ሌላ ሰፈር ነው።

ወሰኑን በእጅ እየጎተታችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ፋይሉን መጀመሪያ በተሠራበት የመጋጠሚያ ሥርዓት መዝግቡት፤ ለዞን 37 (ምድርን በኬንትሮስ ከሚከፋፍሉት የዩቲኤም ቀጠናዎች አንዱ) አዲንዳን የኢፒኤስጂ ቁጥሩ፣ ማለትም የሥርዓቱ መለያ ኮድ፣ 20137 ነው። ከዚያ ወደ 32637፣ ማለትም ወደዚያው ዞን ደብሊውጂኤስ 84፣ ቀይራችሁ በአዲስ ስም አስቀምጡ። ዞኑንም እዩ፤ ድሬዳዋ በ37 ስትወድቅ ጎረቤቷ ሐረር 38 ውስጥ ናት።

ስትልኩም ሼፕፋይል የተባለው የተለመደ የካርታ ፋይል ዓይነት የብዙ ፋይሎች ስብስብ እንጂ አንድ ፋይል እንዳልሆነ አትርሱ። ፒአርጄ የተባለችው ትንሿ ፋይል ከቀረች ተቀባዩ ዳተሙን የሚያውቀው በግምት ነው። እኔ ጂኦፓኬጅ በተባለው ሌላ የካርታ ፋይል ዓይነት መላክን እመርጣለሁ፤ ሁሉም በአንድ ፋይል ይጠቃለላል፣ በአማርኛ የተጻፉ የቦታ ስሞችም ወደ ጥያቄ ምልክት አይለወጡም።